ክዳን የሌላቸው ድልድዮች፦ ከእንፍራዝ እስከ እብናት፣ ወንዝና ከተማ

በድልድይ ላይ ጣራ መሥራት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ ገጠሮች ባለ ክዳን ድልድዮች የየአካባቢው መለያ ሆነዋል፤ ጎብኚዎችም እነሱን ብቻ ፈልገው ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛሉ። በስዊዘርላንድ የሉሰርን ከተማ የሚገኘውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የጸሎት ቤት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1993 በእሳት አብዛኛው ክፍሉ ቢወድምም በቀጣዩ ዓመት ተጠግኖ እንደገና ለእግረኛ ተከፍቷል። በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት ብቻ ከመቶ በላይ ባለ ክዳን ድልድዮች ሲኖሩ፣ በቻይና የፉጂያንና የዠጂያንግ አውራጃዎች የእንጨት ቅስት ድልድዮች አሠራር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቦ ነበር።

የእነዚህ ድልድዮች ጣራ ለውበት ተብሎ የተጨመረ ጌጥ አልነበረም። ድልድዮቹ ሸክማቸውን የሚያስተላልፉት እርስ በርስ በተጠላለፉ የእንጨት ወጋግራዎች ሲሆን፣ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ወጋግራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመጋጠሚያው ጀምሮ ይበሰብሳል። ክዳን ያጣ የጭቃ ቤት ግድግዳ ሁለት ክረምት እንደማይዘልቅ ሁሉ፣ ክዳን የሌለው የእንጨት ድልድይም ዕድሜው አጭር ነው፤ ጣራና ግድግዳ የተሠራለት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። በደቡብ ጎንደርና በዙሪያው ባሉ ደጋማ አገሮች የኖሩ ግንበኞች ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውታል። ድልድያቸውን ከድንጋይና ከኖራ ስለሠሩት ዝናብ የሚያበሰብሰው ወጋግራ አልነበረውም፤ በመሆኑም ክዳን አላስፈለገውም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ከተሠሩት ከእነዚህ ድልድዮች አንዳንዶቹ ዛሬም ሰውና ከብት ያሻግራሉ።

እነዚህን ድልድዮች ለብቻቸው ነጥሎ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስ ጎብኚ የሚያየው ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። በዚህ አገር ድልድይ የሚሠራው ወንዝ የለያያቸውን ሁለት ገበያዎች፣ ሁለት ግዛቶች ወይም ቤተ መንግሥትንና አገልጋይ ገጠሩን ለማገናኘት ነው፤ ከተሞቹም በበኩላቸው የተተከሉት መሻገሪያው ባለበት፣ መንገዱ በሚያልፍበትና ነጋዴው በሚያድርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከእንፍራዝ እስከ ደብረ ታቦርና እብናት ያለው ምድር በቅጡ የሚጎበኘው ወንዙ፣ ድልድዩና ከተማው እንደ አንድ ታሪክ ሲታዩ ነው።

ኖራና ቅስት

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ትላልቅ ወንዞችን መሻገር የሚቻለው በበጋ ውኃው በሚቀንስባቸው መሻገሪያዎች፣ ወይም በታንኳና በተነፋ ስልቻ በመታገዝ ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ዘመቻውም፣ ንግዱም፣ የመልእክተኛውም መንገድ ይቋረጥ ነበር። ይህን ሁኔታ የለወጠው የኖራ ግንብ ሙያ በሰፊው ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ በውኃ ሲበርድ ሲሆን፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ መልሶ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ጭቃን ውኃ አጥቦ ሲወስደው፣ የጠነከረ ኖራ ግን ለዘመናት ይቆያል። በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632 እ.ኤ.አ.) ኖራ በአገር ውስጥ ተገኝቶ ለግንብ እንደዋለ በወቅቱ በአገሪቱ የነበሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ጽፈዋል። በጎንደር አካባቢ የሚነገረው አፈ ታሪክ ደግሞ ኖራው በእንቁላል ጭምር እንደተለወሰ ያወሳል።

ሁለተኛው ጥበብ ቅስት ነው። ቅስት ማለት ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብለው የተጠረቡ ድንጋዮች በግማሽ ክብ ቅርጽ ተደርድረው እርስ በርስ እንዲደጋገፉ የሚደረግበት አሠራር ነው። ከላይ የሚያርፈው ሸክም ድንጋዮቹን ይበልጥ ያጠባብቃቸዋል እንጂ አያላቅቃቸውም፤ ግፊቱም ወደ ጎን ተሻግሮ በወንዙ ግራና ቀኝ ባለው አለት ላይ ያርፋል። ግንበኛው በመጀመሪያ የቅስቱን ቅርጽ የያዘ የእንጨት ድጋፍ ያቆማል፤ ቀጥሎ ከሁለቱም ዳር ድንጋይ እየደረደረ ወደ መሐል ይመጣል፤ በመጨረሻም ጫፉ ላይ ቁልፍ የሚባለውን ድንጋይ ይሰካል። ኖራው ከጠነከረ በኋላ እንጨቱ ሲነሣ ቅስቱ ራሱን ችሎ ይቆማል። የእንጨት ድጋፉ የሚቆመው በወንዙ ወለል ላይ በመሆኑ ሥራው ክረምት ወጥቶ ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማለቅ ነበረበት፤ ይህም ድንጋይ ጠራቢውን፣ ኖራ አቃጣዩንና አናጢውን በአንድ በጋ ማሰባሰብ የሚችል ጠንካራ መንግሥት መኖሩን ይጠይቃል። ድልድዮቹ የጎንደር ቤተ መንግሥት ሊቋቋም በተቃረበበትና በተቋቋመበት ዘመን መብዛታቸው ለዚህ ነው።

አንድን አሮጌ ድልድይ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ በግልጽ ይታያል። የቅስቱ ጠርዝ በጥንቃቄ ከተጠረቡ ድንጋዮች የተሠራ ሲሆን፣ ከእሱ በላይ ያለው ግንብ ግን እንዳለ ከተሰበሰበ ድንጋይና ከብዙ ኖራ የተሞላ ነው፤ ምክንያቱም ሸክሙን የሚይዘው ቅስቱ እንጂ ሙሌቱ አይደለም። ከዋናው ቅስት ጎን ትናንሽ ቅስቶች የሚሠሩት ደግሞ ወንዙ ከልኩ ሲያልፍ ጎርፉ ድልድዩን ገፍቶ እንዳይጥል በእነሱ በኩል መውጫ እንዲያገኝ ነው።

ሁሉም ድልድይ የፋሲል አይደለም

በሕዝቡ ዘንድ ዓፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ሰባት ድልድዮች እንዳሠሩ ይነገራል፤ ከዚህም የተነሣ በአገሪቱ የሚገኝ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሁሉ ወይ «የፋሲል» ወይ «የፖርቹጋሎች» ተብሎ ይጠራል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ልማድ በጥንቃቄ ይመለከቱታል። በደብረ ሊባኖስ አቅራቢያ የሚገኘውና የፖርቹጋሎች ድልድይ እየተባለ የሚጎበኘው የራስ ዳርጌ ሥራ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አያልፍም። በጎጃም የጠምጫ ወንዝ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በጣሊያናዊ መሐንዲስ የተሠራ ነው። ድልድይ የሚሠራው ንጉሥ ብቻ እንዳልነበረ፣ የየዘመኑ የአካባቢ ገዥዎችም የራሳቸውን መንገድ ለመክፈት እንደተጉ እነዚህ ምሳሌዎች ያሳያሉ።

በዕድሜ ከሁሉም የሚቀድመው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በዓባይ ላይ የተሠራው የአላታ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን የተገነባ በመሆኑ ከፋሲለደስ ንግሥና ይቀድማል። ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም፤ ሰፊው ዓባይ ከፏፏቴው ከወረደ በኋላ በጠባብ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ስለሚያልፍ አጭር ቅስት ወንዙን መሻገር ችሏል። ዛሬ ወደ ፏፏቴው የሚሄዱ ጎብኚዎች ብዙዎቹ በዚህ ድልድይ ላይ ያልፋሉ፤ ፎቶግራፍ የሚያነሡት ግን ፏፏቴውን እንጂ የተሻገሩበትን ድልድይ አይደለም። ድልድዩ የጎጃምን ዳርቻ ከበጌምድር የደራ ምድር ጋር ያገናኝ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት በክረምት የማይታሰበው ጉዞ ተችሏል።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና በእንፍራዝ አቅራቢያ የሚገኘው የጋርኖ ድልድይ ደግሞ ከጉዛራ ቤተ መንግሥት ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ጉዛራ የዓፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) ሥራ እንደሆነ የሚነገርለት፣ የጣናን ሐይቅ ከሩቅ ቁልቁል በሚያሳይ ኮረብታ ላይ የተሠራ ግንብ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ በእንፍራዝ ዙሪያ ይከርሙ ስለነበር፣ ኮረብታውን፣ ወንዙንና ድልድዩን በአንድ ቀን የሚያይ ሰው የጎንደር ዘመን ኪነ ሕንፃ በድንገት እንዳልተፈጠረ፣ ወደ ሰሜን ከመሻገሩ በፊት በዚህ ምድር ሥር እንደሰደደ ይገነዘባል።

ሰባራ ድልድይ

በደቡብ ጎንደር ደቡባዊ ወሰን፣ የእንዳቤትን ምድር ከጎጃሟ ሞጣ በሚለየው የዓባይ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ በታሪኩ ከሁሉም የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ በዓፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ በሁለቱ አገሮች መካከል ነጋዴውን፣ ለቅሶ ደራሹን፣ ሠርገኛውንና ወታደሩን ሲያሻግር ከኖረ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1936–1941 እ.ኤ.አ.) የጠላት ጦር እንዳያልፍበት ዋናው ቅስት በአርበኞች እንደተቆረጠ ይነገራል። ጦርነቱ አልቆ ጠላት ከወጣ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ድልድዩን የጠገነ አልነበረም።

ሕዝቡ ግን መሻገሩን አላቆመም። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ የቆሙ ጠንካራ ወንዶች ወፍራም ገመድ ይወጥራሉ፤ ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ በእጁም አጥብቆ ይይዝና ከተሰበረው ቅስት ጫፍ ወደ አየር ይለቀቃል፤ ወዲያ ማዶ ያሉት እየጎተቱ ሲቀበሉት ከታች ዓባይ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይጮኻል። ገበያ የሚሄደውም፣ የታመመ ዘመድ የሚጠይቀውም በዚህ መንገድ ሲያልፍ ኖሯል፤ ገመዱን የሚጎትቱት ሰዎችም ለድካማቸው መጠነኛ ክፍያ ያገኙ ነበር።

ይህን ትዕይንት የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ መውጣቱ የድልድዩን ዕድል ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶግራፉን የተመለከተ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ግብረ ሠናይ ድርጅት ለመመሥረት ተነሣሣ፤ በ2002ም ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በመተባበር የተቆረጠው ቅስት በብረት ተሸካሚ ተሞላ። ብረቱ በሰውና በአህያ ጉልበት ሸለቆውን ቁልቁል ወርዶ መድረሱ ብቻ የቦታውን አስቸጋሪነት ያመለክታል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2005 የወረደው ከባድ ጎርፍ ይህንን ጥገና ጠርጎ ወሰደው፤ ከዚያም በ2009 በዚያው አካባቢ ከጎርፉ ከፍታ በላይ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በሰባራ ድልድይ የተጀመረው ሥራ በኋላ በሌሎች የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ አገሮች ለተሠሩ በርካታ የገጠር እግረኛ ድልድዮች መነሻ ሆኗል።

ዛሬ በስፍራው የአራት ዘመናት አስተሳሰብ በአንድነት ይታያል፦ የጎንደር ዘመን ግንበኛ ቅስት፣ የአርበኛው ቁርጥ፣ የገመድ ጎታቹ ጥበብና የዘመናዊው መሐንዲስ ተንጠልጣይ ድልድይ። ወደዚያ ለመድረስ ከሞጣም ሆነ ከእንዳቤት በኩል ረጅምና ቁልቁለታማ የእግር ጉዞ ስለሚጠይቅ፣ ከተጓዥ ጽናትን፣ ከአካባቢው ደግሞ መንገድ የሚያውቅ መሪን ይሻል።

መንገዱ የሠራቸው ከተሞች

ከእንፍራዝ ወደ ደቡብ የሚወርድ ተጓዥ አዲስ ዘመንን አልፎ የርብን ወንዝ ሲሻገር ወደ ፎገራ ሜዳ ይገባል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ይነሡና ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት በዚህ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ በየክረምቱ ይሞላሉ። ገበሬው ውኃ የሚተኛበትን ይህን ማሳ ለሩዝ አውሎታል፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ተዋውቆ የተስፋፋው ሩዝ ዛሬ ወረታንና ዙሪያዋን የአገሪቱ ዋና የሩዝ መገኛ አድርጓታል። በመንገድ ዳር የሚታዩት የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎችና የገለባ ክምሮች የዚህ ለውጥ ምልክቶች ናቸው።

ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ በዚሁ መስመር እ.ኤ.አ. በ1972 በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው፣ ወንድና ሴት ሥራን እኩል በሚካፈሉበት አኗኗሩና በሽመና ሥራው የታወቀው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ይገኛል። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ ቻይናውያን መሐንዲሶች ከ1970ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ስለሠሩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ይህ መንገድ ከመከፈቱ በፊት በጌምድርንና ወሎን በዚህ በኩል የሚያገናኘው የበቅሎና የእግር መንገድ ነበር።

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ የተቆረቆረች፣ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። የጎንደር ነገሥታት በስም ብቻ በቀሩበት በዘመነ መሳፍንት እውነተኛው ሥልጣን በዚህች ከተማ ይገኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1842 ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ የተዋጉትም እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ነው። ከእነሱ በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ፣ ቀጥሎም ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተማዋን መቀመጫቸው አድርገዋታል። ስሟን የሚጋራው የደብረ ታቦር በዓል በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ሲከበር፣ የሆያ ሆዬ ጨዋታው፣ ጅራፉ፣ ችቦውና ሙልሙል ዳቦው በዚህች ከተማ የተለየ ድምቀት አለው።

ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት የመንገድንና የወንዝን ታሪክ ለሚከታተል ሰው ልዩ ትርጉም አላት። ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት በዚህች መንደር ሲሆን፣ ከሁሉም የገዘፈው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን እንደሚመዝን ይገመታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከፊታቸው የጅዳና የበሽሎ ጥልቅ ሸለቆዎች ነበሩ። ድልድይ የመሥራት ጊዜም ዕድልም ስላልነበራቸው አለት እያስፈለጡ ቁልቁለቱንና ዳገቱን በጥርጊያ መንገድ ከፈቱት፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ በማንሣት ሠራዊቱን ያተጉ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ስድስት ወር ያህል የፈጀው ይህ ጉዞ፣ የጎንደር ዘመን ነገሥታት በቅስት ይሻገሩት የነበረውን ዓይነት ወንዝ ቴዎድሮስ በሰው ጉልበት ለመሻገር የተገደዱበትን የታሪክ መታጠፊያ ያሳያል።

እብናት፦ በሁለት ወንዞች መካከል

ከአዲስ ዘመን ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ጎብኚ እምብዛም ወደማይደርስባት እብናት ያመራል። የእብናት ወረዳ የውኃ መለያያ ምድር ነው፦ በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ ርብ፣ ከዚያም ወደ ጣናና ዓባይ ሲሄድ፣ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ግን ወደ ተከዜ ይፈስሳል። በአንድ ኮረብታ ጀርባ የተለያዩ ሁለት ጎርፎች የሚገናኙት በሱዳን ምድር፣ ተከዜ አትባራ ሆኖ ከናይል ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ነው።

ይህ አቀማመጥ የከተማዋን ገበያ ባሕርይም ወስኗል። ከፋርጣና ከጉና በኩል ያለው ደገኛ ገብስ፣ ድንችና በግ ሲያመጣ፣ ከበለሳና ከተከዜ በኩል ያለው ቆለኛ ደግሞ ማሽላ፣ ፍየልና ከብት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ የአየር ጠባዮች በአንድ ሜዳ ላይ ይለዋወጣሉ። በገበያ ቀን ማለዳ ከተማው ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ከየአቅጣጫው የሚመጣውን አህያና ባለ ዱላ ገበሬ በጭነቱ ብቻ ከየት እንደመጣ መለየት ይችላል። በክረምት ጅረቶቹ ሲሞሉ ገበያው የሚሳሳው ድልድይ በሌለበት በኩል ነው፤ ድልድይ ለከተማ ምን ያህል ሕይወት እንደሆነ በዚህ ይታወቃል።

እብናት በዓለም ዘንድ የታወቀችው ግን በመከራ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረኀብተኞች በከተማዋ አጠገብ በተቋቋመው መጠለያ ተሰብስበው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ተረጂዎቹ በግዳጅ እንዲበተኑና ጎጆዎቻቸው እንዲቃጠሉ መደረጉም በወቅቱ ዓለም አቀፍ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር። ወደ እብናት የሚሄድ ጎብኚ ይህን ማወቅ ይገባዋል፤ በዕድሜ የገፉ ነዋሪዎች ያንን ዓመት እንደ ሩቅ ታሪክ አይቆጥሩትምና። በአንጻሩ በእብናትና በፋርጣ ወረዳዎች መካከል በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ 73 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውና ከ230 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንዲይዝ የታቀደው የርብ ግድብ፣ ወንዙን ከመሻገር አልፎ ለመስኖ ማዋል የተጀመረበት አዲስ ምዕራፍ ነው።

መቼና እንዴት

ለዚህ ጉዞ የሚመቸው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው። መንገዱ ደርቋል፤ ወንዞቹ ግን ገና አልጎደሉም፤ ማሳውም አደይ አበባና የደረሰ እህል ለብሷል። የበጋው መገባደጃ ለእግር ጉዞ ቢመችም፣ የዓባይ ውኃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በዚያን ጊዜ ይሳሳል። የደብረ ታቦርን በዓል ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በነሐሴ መምጣት ስላለበት፣ ከተማዋን አይቶ የሸለቆ ድልድዮችን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይኖርበታል።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት ጉዞን ስለሚያውክ፣ ማንኛውም ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የየመንገዱን ሁኔታ በየከተማው ካሉ ነዋሪዎች ማጣራት አለበት። በገጠር ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው፤ እርጅና የተጫናቸውን አባትና እናት «እንደምን ዋሉ» ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት ከማንኛውም የጉዞ ዝግጅት በላይ በር ይከፍታል። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፣ የመንገድ መሪ ሲፈልጉም ክፍያውን አስቀድሞ መስማማት ተገቢ ነው።

የሚያፈርሳቸው ምንድን ነው?

ለአራት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ ዛሬ የሚያሰጋው ጎርፍ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ጠላት በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ወፍ የጣለችው የሾላ ወይም የዋርካ ፍሬ በኖራው መካከል ሥር ሲሰድድ ድንጋዮቹን ቀስ በቀስ ይገፋቸዋል፤ ዛፉ ካደገ በኋላ መንቀል ደግሞ ግንቡን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ችግኙ ገና ለጋ ሳለ በየዓመቱ መነቀል አለበት፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ክትትል ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጠላት በቅን ልቦና የሚደረግ የተሳሳተ ጥገና ነው። ሲሚንቶ ከኖራ የበለጠ ስለሚጠነክር የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበት ስለማያስወጣና ስለማይለመጥ፣ በአሮጌ ግንብ ላይ ሲለሰን ውኃውን ውስጥ አፍኖ የቀድሞውን ድንጋይና ኖራ ያፈራርሳል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስን መጠገን የሚከለክልበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከላከል ነው። ሦስተኛው ጠላት ለእግረኛና ለጭነት ከብት በተሠራ ቅስት ላይ ተሽከርካሪ ማሳለፍ ነው፤ አዲስ ድልድይ ከአሮጌው ጎን በመሥራት ሁለቱም በየድርሻቸው እንዲያገለግሉ ማድረግ ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ድልድይ የሚጠበቀው በአጠገቡ የሚኖር ሕዝብ ጥቅም ሲያገኝበት ነው። የቨርሞንትም ሆነ የፉጂያን ድልድዮች ከተረፉባቸው ምክንያቶች አንዱ ጎብኚው በአቅራቢያው ባለች ከተማ አድሮ፣ በልቶና ገዝቶ ስለሚሄድ ነዋሪው ጣራውን ማደስ እንደማይጎዳው ማወቁ ነው። በደቡብ ጎንደርና በዙሪያው ግን አብዛኛው ጎብኚ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ፏፏቴውን አይቶ በዚያው ቀን ይመለሳል፤ የአላታ ድልድይ ማዶ ያለው የደራ ገበሬም፣ የእንፍራዝ ቡና አፍዪም፣ የእብናት አልጋ ቤት ባለቤትም ከጉዞው የሚያገኙት የለም። ጉዛራንና ጋርኖን፣ ወረታንና አውራ አምባን፣ ጋፋትንና ደብረ ታቦርን፣ እብናትንና ሰባራ ድልድይን በአንድ የጉብኝት መስመር ማያያዝ አዲስ ግንባታ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የየድልድዩን ትክክለኛ ዕድሜና አሠሪ መዝግቦ በቦታው ማመልከት፣ የአካባቢ ወጣቶችን በመሪነት ማሠልጠንና ጎብኚው በየከተማው ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያድርበትን ምክንያት ማዘጋጀት ነው፤ ይህ ሲሆን በግንቡ ላይ የበቀለውን የሾላ ችግኝ መንቀል የባለሥልጣን ትእዛዝ የሚጠብቅ ሥራ መሆኑ ይቀራል።